የአውራ ጣቴ ጠበቆች

በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም። «ሕመም የግል ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ወይ ታሞ አያውቅም፣ ወይ ጎረቤት የለውም። በመስቃን ገጠር አንድ ሰው ራሱን ሲያመው ወደ ሆስፒታል የሚሄደው አንድ በሽተኛ አይደለም፤ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሕዝብ ነው። ታዲያ ሐኪሙ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ሲል፣ በሽተኛው አፉን እስኪከፍት አጎት «ሆዱን ነው» ይላል። አክስት «ኧረ ጎኑን ነው!» ትላለች። የሚስት ወንድም «ጥንትም ቁርጥማት ነበረበት» ብሎ ታሪኩን ከአያቱ ይጀምራል። ጎረቤት በበኩሉ «ባለፈው ሰው ቤት የበላው ጎመን ነው» ብሎ ፍርድ ይሰጣል። በሽተኛው መሐል ላይ ተጋድሞ፣ የማን በሽታ እንደሚወራ ለማወቅ እንደ እንግዳ ጆሮውን ያቆማል።

ነውር እንዳይመስላችሁ። ቤት ስትሠራ ደቦ ይመጣል፤ ስትሞት ዕድር ይመጣል፤ ጥያቄ ሲመጣብህ ብቻህን የምትመልሰው በምን ኃጢአትህ ነው? አፍ የሚዝልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የሌላው አፍ ይሠራልሃል። ብቻ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉን አንድ ነገር ደብቀውናል። አንዳንዴ ድሩ ሲያብር አንበሳው በሰላም ያልፍና የሚታሰረው አጠገቡ የቆመ ምስኪን ነው። እኔ ይህን ያየሁት ተኝቼ ነው፤ በጀርባዬ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለቀምኩት ቡታጅራ ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው። እርሻዬ እንሰትና ጥቂት በርበሬ ነው፤ ሙያዬ ግን ሰው ማሳቅ ነው። ሠርግ ያለ እኔ አይሞቅም። አንዴ አንድ ሠርግ ላይ ሳስቅ የሙሽራው አጎት ጥርሱ ወልቆ ክትፎው ውስጥ ተገኝቷል። ካላመናችሁ ጥርሱን ጠይቁት፤ አጎትየው እንደሆነ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

የታመምኩትም ሥራ ላይ ነው። አንድ ሠርግ ቤት የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር ንግግር እየቀዳሁ፣ «ልማታችን...» ካልኩ በኋላ የግራ ከንፈሬ ቁልቁል ሄደ። ምላሴ ተሳሰረ። ሰዉ «እሱን! ቁርጥ እሱን!» እያለ አጨበጨበ። ግራ እጄ ወደቀ፤ ጭብጨባው ባሰ። ግራ እግሬ ከዳኝና ከነበርጩማዬ ተዘረርኩ፤ ያን ጊዜማ ሙሽራዋ ሳይቀር ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። በሕይወቴ እንደዚያ አስቄ አላውቅም። ያልሳቀች ባለቤቴ ዘይቱና ብቻ ናት። ዘይቱና መቼም በእኔ ጨዋታ ስቃ አታውቅም፤ አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ እሷም ብትስቅ ኖሮ ዛሬ ይህን የማወራችሁ ከመቃብር ነበር።

ወሰዱኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም። ወልቂጤ ነው ብል የቡታጅራ ሰው «የእኛ ምን ጎደለው?» ብሎ ይቀየመኛል፤ ቡታጅራ ነው ብል ወልቂጤ ያሉት አማቾቼ ሽማግሌ ይልኩብኛል። ከሁለቱ በአንዱ ነው፤ ይብቃችሁ። «ስትሮክ ነው» አሉ። አንጎሌ ውስጥ አንዲት የደም ሥር ተዘግታለች፤ በእሷ የተነሳ ግራዬ በሙሉ ሥራ አቁሟል። ቀኝ ፊቴ ይስቃል፣ ግራ ፊቴ ለቅሶ ቤት ተቀምጧል። ጠያቂ ሲመጣ በየትኛው በኩል እንደሚያናግረኝ ይጨነቅ ነበር።

ትይዩ ያለው አልጋ ላይ የቆሼ ከተማው የበርበሬ ነጋዴ ሐጂ ሸምሱ ተኝተዋል። እሳቸውም ስትሮክ ናቸው፤ ግን ቀኝ እጃቸው ብቻ ትንሽ ከመስነፉ በቀር ምላሳቸውም ዓይናቸውም በጣም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከሚፈለገው በላይ ደህና ነው። ከጎኔ የቡኢው ጋሽ ወልዴ አለ፤ ወገቡን ታሞ የመጣ፣ በአገሩ ያላስታረቀው ባልና ሚስት የሌለ ሽማግሌ።

በየጠዋቱ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ይመጡብናል። እነዚህ ልጆች ከክፍል ክፍል እየዞሩ ነው የሚማሩት፤ አሁን የሆድ፣ አሁን የሕፃናት እያሉ እንደ ዕቁብ በዙር። የእኛ ዙር ኒውሮሎጂ ይባላል፣ የነርቭ ማለት ነው። ለእኔ የደረሰችኝ ማኅሌት የምትባል ከደብረ ማርቆስ የመጣች ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ስትመጣ ሐጂን «አሰላሙ አለይኩም» ብላ፣ ጋሽ ወልዴን «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብላ፣ እኔን «ጋሽ ሙደሲር፣ እንዴት አደሩ?» ብላ አልጋዬ ጠርዝ ላይ የምትቀመጥ። ቁጭ ብሎ የሚያናግር ሐኪም እንደምታውቁት እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው። በሁለተኛው ቀን የክፍሉ ሁሉ ልጅ ሆነች። ዘይቱና እንኳ የቡላ ገንፎውን መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥላ ለእኔ ማቅረብ ጀመረች።

ምርመራዋ ግን ጉድ ነው። «ምላስዎን ያውጡልኝ» አለችኝ። በእኛ መንደር በሰው ፊት ምላስ ማውጣት ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ እዚህ «ጎበዝ» ያሰኛል። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ ስትመታው እግሬ ተወርውሮ ሊረግጣት ምንም አልቀረው፤ ለእኔ አልታዘዝ ያለ እግር ለመዶሻ ይታዘዛል። ውስጥ እግሬን እንሰት እንደሚፋቅ በቁልፍ ፋቀችው። አእምሮዬን ልትፈትን ደግሞ ከመቶ ሰባት ሰባት እያስቀነሰች አስቆጠረችኝ። «ሦስት ነገር ልንገርዎት፣ በኋላ እጠይቅዎታለሁ፤ ብርቱካን፣ ወንበር፣ ቁልፍ» አለች። በኋላ ስትጠይቀኝ እኔ ገና ሳስብ ሐጂ ሸምሱ ከማዶ፣

«ብርቱካን በል! ብርቱካን!» አሉ።

«ሐጂ፣ እሳቸው ይመልሱ» አለች እየሳቀች።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ታማሚ ነው» አሉ ሐጂ። እውነታቸውን ነው።

ከሁሉ የከፋው የአውራ ጣቱ ነገር ነው። ዓይኔን ታስጨፍነኛለች። ከዚያ የግራ እግሬን አውራ ጣት ይዛ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ታደርገውና «አሁን ወዴት ነው?» ትላለች። እኔ በምን አውቃለሁ? ጣቱ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ ሠርግ ቤት ጥዬው መጥቼ ሊሆን ይችላል። ዝም ማለት ነውር ስለሆነ የመጣልኝን እላለሁ። ስሳሳት ቅንድቧ ዝቅ ይላል፣ «እሺ» ትላለች በቀስታ፣ ትጽፋለች። ሐጂ ይህን ቅንድብ ከማዶ ሆነው ልብ ይሉ ነበር። ነጋዴ ናቸዋ፤ የገዢ ቅንድብ ሲያነቡ ነው የኖሩት።

አንድ ጠዋት ማኅሌት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ጋሽ ወልዴ «ምነው ልጄ?» ሲላት አልደበቀችም።

«ነገ የዚህ ዙር ፈተና አለኝ ጋሼ። ትልቁ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጥተዋል። አንዳችሁን ይሰጡኝና መርምሬ ያገኘሁትን በፊታቸው አሳያለሁ። ከወደቅኩ ዙሩን እንደገና እደግማለሁ። ጓደኞቼ ይመረቃሉ፣ እኔ እቀራለሁ። እናቴ ደግሞ ለምርቃቱ ሙክት ማድለብ ጀምራለች።»

«በጉም ይቆያል ማለት ነው?» አሉ ሐጂ በድንጋጤ።

«ይቆያል ሐጂ።»

ስትወጣ ተያየን። የሰው ልጅ፣ ያውም የሩቅ እንግዳ፣ በእኛ አገር፣ በእኛ አልጋ ላይ ልትወድቅ! ጋሽ ወልዴ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ተነስቶ ተቀመጠና ጉባኤው ተከፈተ። ዋርካ የለም እንጂ፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ሐጂ መጀመሪያ ተናገሩ።

«ሙደሲር፣ ሳትቀየመኝ፣ ይቺን ልጅ የምትጥላት አንተ ነህ። ስለ ጣትህ በተሳሳትክ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። አስተማሪ የሚያፍረው ተማሪው ሲሳሳት አይደል? ነገ ትልቁ ሰውዬ መጥቶ በፊቱ ብትዘባርቅ 'ይህን ሁሉ ቀን ምን አስተማርሽው?' ይላታል።»

እንዴት ያለ አእምሮ ነው! ጋሽ ወልዴ ራሱን ነቀነቀ፣ ዘይቱናም ነቀነቀች፣ እኔም በሚነቀነቀው በኩል ነቀነቅኩ። ምክሩ ወዲያው ተቆረጠ። ሐጂ ከትይዩ ሆነው ጣቴን ያያሉ። ወደ ላይ ሲሄድ ያስላሉ፤ ወደ ታች ሲሄድ ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ያንኳኳሉ። በመርፌ ስትነካካኝ ደግሞ እኔ ሁሉንም «ወይ!» ልል ነው። ከምሳ በኋላ ተለማመድን። ሐኪም ሆና የቆመችው ዘይቱና ናት። አውራ ጣቴን ይዛ በጋብቻችን ዘመን ያጠራቀመችውን ሁሉ ተወጣችበት፤ ጎተተችው፣ አጠፈችው፣ ጠመዘዘችው። እኔ ምን ተሰምቶኝ! ጣሪያ እያየሁ ሳል ስሰማ «ወደ ላይ»፣ ሙስበሃ ስሰማ «ወደ ታች» እላለሁ። አንድ አልሳትኩም። ጋሽ ወልዴ «ይህ ሰው ተምሮ ቢሆን ኖሮ ሚኒስትር ይሆን ነበር» አለ።

በማግስቱ ትልቁ ዶክተር ገቡ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ከጩኸት የበለጠ ያስፈራል። ተማሪዎቹ ከኋላቸው እንደ ታቦት አጃቢ ተሰልፈዋል። ዞር ዞር አሉና ወደ እኔ አልጋ ጠቆሙ። የክፍሉ ሰው ሁሉ በሆዱ «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» አለ። የተዘጋጀው ተማሪ ተጠራ!

ማኅሌት እጅና እግሬን ብቻ ፈተሸች፤ የቀረውን ከትናንቱ ምርመራዋ ይዛ ቆማ ተናገረች። ግራ እጅና እግሬ እንደደከመ፣ በግራ በኩል ቆዳዬ እንደማይሰማ፣ የግራ አውራ ጣቴ ያለበትን እንደማላውቅ፣ ጉዳቱም አንጎሌ ውስጥ በየትኛው ሥፍራ እንደሆነ ዘረዘረች።

«ደህና» አሉ ዶክተሩ። «ስሜት የለውም ያልሽውን አሳዪኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። በመርፌ ነካችኝ መሰለኝ፤ ባይመስለኝም «ወይ!» አልኩ። እንደገና «ወይ! ወይ!»። አንዱንማ አየሩን ስትነካው ሳይሆን አይቀርም የጮህኩት። ወደ ጣቱ ሄደች።

«ኡሁ!»

«ወደ ላይ!» አልኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ።

«ወደ ታች!»

«ኡሁ!» «ወደ ላይ!» ቀጭ፣ ቀጭ። «ወደ ታች!» እንደ ወንፊት አንቀረቀብኩት። ከጎኔ ጋሽ ወልዴ «እሰይ» ሲል ይሰማኛል።

ዓይኔን ስከፍት ግን ማኅሌት አመድ መስላለች። ወገኖቼ፣ እኔ ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው። ቀልድ ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚደርቀው የተናጋሪው ከንፈር ነው። የዚች ልጅ ከንፈር ደርቋል።

«ስሜቱ ሙሉ ነው» አሉ ዶክተሩ። «አንቺ ደግሞ የለም ብለሽ ነው ጉዳቱ እዚህ ቦታ ነው ያልሽኝ።»

«ትናንት... ትናንት አልነበረም ዶክተር።»

«በአንድ ሌሊት ዳነ?»

ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ። እኔ ግራ ገባኝ። ሁሉን መልሼ ልጅቷ ለምን ትሞታለች? ትንሽ ቀረ ማለት ነው ብዬ በሙሉ ልቤ «ዶክተር፣ ከፈለጉ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ ልቁጠርልዎት!» አልኩ። ሐጂ ከማዶ በዓይናቸው «ጎሽ» አሉኝ። ደግነታችን እንዲህ ነው፤ የሰመጠ ሰው ካየን ውኃ እንጨምርለታለን።

ማኅሌት እግሬን አየችው። ከዚያ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ልድገመው?» አለች። ፈቀዱላት። ጨፈንኩ።

«አሁን ወዴት ነው ጋሼ?»

ጠበቅኩ። ሳል የለም። ሙስበሃ የለም።

«ጋሽ ሙደሲር፣ ወዴት ነው?»

ሐጂ ምን ነካቸው? በኋላ እንደሰማሁት ሐጂ አንገታቸውን እንደ ሰጎን አስረዝመው ጣቴ ላይ አፍጥጠዋል፤ ጣቱ ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ይዛዋለች፣ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም አላደረገችውም። ይህ በልምምዳችን ውስጥ አልነበረም። ልክ ያን ጊዜ በሩ ጋ የተኛ አንድ ምስኪን፣ ስለ ጉባኤያችን ምንም የማያውቅ፣ የራሱን የጉንፋን ሳል «ኡሁ! ኡሁ! ኡሁ!» አለ።

«ወደ ላይ! ወደ ላይ! ወደ ላይ!» ብዬ ክፍሉን አናጋሁት።

«አላንቀሳቀስኩትም» አለች ማኅሌት።

ዓይኔን ገለጥኩ። እሷ ወደ እኔ አላየችም፤ ቀስ ብላ ዞራ ሐጂ ሸምሱን ነው ያየችው። ሐጂ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ አንስተው ዚክር ጀመሩ፤ እንደዚያ ከልባቸው አላህን ሲያወሱ አይቻቸው አላውቅም።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለአፍታ ወደ ግድግዳው ይዙሩልኝ።»

ሐጂ ዞሩ። ከዚያ በኋላማ የወደቅኩት አወዳደቅ አይወራም። ላይ ሲሆን ታች አልኩ፣ ታች ሲሆን ላይ አልኩ፤ በመርፌ ስትነካኝ ዝም አልኩ፣ ሳትነካኝ «ወይ!» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ከአልጋው ወረደ። ነጠላውን አደግድጎ፣ በባዶ እግሩ፣ የታመመ ወገቡን አጉብጦ ዶክተሩ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጅቷ የምታውቀው የለም። እንግዳችን ናት፣ እንዳታፍርብን ብለን ነው። እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ እኛ እንውደቅና እሷ ትለፍ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የሚቆጡ መስሎኝ አንድ ዓይኔን ብቻ ጨፈንኩ።

«አባቴ» አሉ፣ «ፈተናው እኮ የእሷ ነው። ጋሽ ሙደሲር ጣታቸውን ሲስቱ ነው እሷ ልክ የምትሆነው። እሳቸው ሁሉን ካገኙ እሷ ሁሉን ሳተች ማለት ነው።»

ይህ ነገር ክፍሉን ዞሮ እስኪገባን ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ የገባቸው ሐጂ ናቸው። ከነግድግዳቸው፣ ሳይዞሩ፣

«ታዲያ አስቀድማችሁ አትነግሩንም ነበር?» አሉ በቁጣ። «መሳሳት ለእኛ ምን ያቅተናል!»

ያን ጊዜ ዶክተሩ ሳቁ። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲስቅ እንዴት ያለ ጎርፍ ነው! ተማሪዎቹም ሳቁ፤ እኔም በግማሽ ሳቅኩ። ማኅሌት ብቻ አልሳቀችም፤ መርፌዋን እንደያዘች ቆማለች። ዶክተሩ ሲወጡ አጠገቧ ቆም ብለው «ማነው ጣቱን ዝም ብለሽ ያዢው ያለሽ?» አሏት። «ማንም» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ላይና ታች ይሁን ግራና ቀኝ፣ ከተኛሁበት አልታየኝም።

ያን ሳምንት እንዴት እንደቆየን አትጠይቁኝ። በክፍሉ ውስጥ ስለ ሌላ ነገር ያወራ አልነበረም። ነርስ ሲገባ «የልጅቷስ ውጤት?» ነው፤ ምግብ አከፋፋይዋ ስትገባ «የልጅቷስ?» ነው። ሐጂ ሸምሱ ድነው ወደ ቆሼ ሲሸኙ እንኳ በሩ ላይ ቆመው «ካለፈች ደውሉልኝ፤ ካላለፈችም ንገሩኝ፣ ወደዚያ ሰውዬ እኔ አማላጅ ይዤ እሄዳለሁ» ብለው ነው የወጡት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማኅሌት ጋዋኗን በክንዷ ይዛ መጣች። ጋሽ ወልዴ ተኝቷል። ዘይቱና ደጅ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች።

«አለፍኩ ጋሼ» አለችኝ። «ዛሬ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ፤ ልሰናበትዎ ነው።»

«በጉስ?» አልኩ።

«በጉ አለቀለት» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። «ለመጨረሻ ጊዜ። ይጨፍኑ።»

ጨፈንኩ። ምንም አልነበረም። ቆየና ከሩቅ፣ ከተራራ ማዶ የባጃጅ ድምፅ እንደሚሰማው፣ የሆነ ነገር መጣ። ጉንዳን ነው ብል ጉንዳን ይበልጠዋል። ግን መጣ።

«ወደ ታች» አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ማኅሌት እኔን አታይም፤ የሐጂን አልጋ ነው የምታየው። አልጋው ባዶ ነው፣ ፍራሹ ታጥፏል። ጋሽ ወልዴን አየች፤ ያንኮራፋል። በሩን አየች፤ ባለ ጉንፋኑም ወጥቷል።

«ይጨፍኑ» አለች፣ በሹክሹክታ። «አሁንስ?»

«አሁን ይዘሽዋል እንጂ አላንቀሳቀስሽውም። በዚህ ድጋሚ አትይዢኝም።»

«አሁንስ?»

«ወደ ላይ።»

አልጻፈችውም። ጣቴን እንደያዘች አቀረቀረች፤ ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ጥርሷ ግን ይታያል። «ጋሽ ሙደሲር» አለችኝ፣ «ዛሬ ነው ያለፍኩት።» ሄደች።

እኔ ወዲያው ስልኬን በቀኝ እጄ ፈልጌ ቆሼ ደወልኩ። ሐጂ ልጅቷ ማለፏን ሲሰሙ «አላሁ አክበር!» ብለው ሱቁን ሁሉ አስደነገጡ። ቀጥዬ «ሐጂ፣ ጣቴንም አገኘሁት፤ ላይና ታቹን ራሴ ለየሁት» አልኳቸው።

ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ያለ መሰለኝ።

«ማን ሳለልህ?» አሉ።

«ማንም። ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻህን?» አሉ ሐጂ ሸምሱ። «እንግዲያው አይታመንም፤ ጠብቀኝ፣ ነገ እመጣለሁ።»